«ለልጁ ያላለቀሰ» የተባሉት የተዋናይ ደርቤ ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ

ተዋናይ ደርቤ ተክለ ማርያም ከአባታቸው ከመሪጌታ ተክለ ማርያም ውዱ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አረጋሽ ገዱ፣ ከዳባት ከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የገጠር አጥቢያ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ልጃቸው ሶልያና ደርቤ ናት። የእድሩ ሰብሳቢ ግማሽ ገጽ ይበቃል፣ ለቀስተኛው ቆሞ ይደክማል ብለው መክረው ነበር። ምክራቸው አልተሰማም። ሟቹ በዚች በደባርቅ ከተማ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ «ለልጁ ያላለቀሰ» እየተባሉ ኖረዋል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህን ስም ግን መልአክ አላወጣውም፤ ያወጡት ሰዎች ዛሬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እዚህ ቆመዋል። ትንሽ ቆመው ቢሰሙ ምንም አይሆኑም።

ደርቤ ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ተምረው፣ ዜማ አጥንተው፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ወደሚዜመው አቋቋም ገቡ። መሪጌታ ተክለ ማርያም በወገራና በስሜን በአቋቋም መምህርነታቸው የተከበሩ ነበሩና ከልጃቸው ብዙ ይጠበቅ ነበር። የደርቤ ድምፅ መልካም፣ አእምሯቸውም ፈጣን ነበር። እጃቸው ግን አልታዘዝ አላቸው። ሰው በተሰበሰበበት መቆም ሲመጣ ይንቀጠቀጣል፤ የያዙት ጸናጽልም ተራው ሳይደርስ ይንሿሿል። ሊቃውንቱ ዞር ብለው ያያሉ፣ የቆሎ ተማሪው ይስቃል። መሪጌታ መጀመሪያ በአርጩሜ ሞከሩ፤ አርጩሜው የባሰ አንቀጠቀጣቸው። በመጨረሻ አጠገባቸው አስቀምጠው «እጅህን ተወው፤ እሱ ሎሌ ነው። ተረከዝህን መሬት አስይዝ፤ ትንፋሽህን አሟጠህ አውጣ፤ ያን ጊዜ እጅህ ራሱ ይታዘዛል» አሏቸው። ደርቤ በኋላ ብዙ ቦታ ቢማሩም ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት እንዳላገኙ ይናገሩ ነበር።

ዘመናዊ ትምህርታቸውን ዳባት ላይ ተከታትለው አሥረኛ ክፍል እንደ ጨረሱ፣ በ1971 ዓ.ም. ደባርቅ ላይ በተቋቋመው የአውራጃው የኪነት ቡድን ተመዝግበው ገቡ። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ «ለማኅሌት ያሳደግሁት እግር ለጭፈራ ሆነ» ብለው ዘጠኝ ዓመት አላናገሯቸውም። በኋላ አባትና ልጅ ታርቀዋል። የሰፈሩ ሰው ግን አልታረቀም፤ አዝማሪ፣ ቧልተኛ፣ ሥራ ፈት የሚሉት ስሞች ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ተከትለዋቸዋል።

በ1977 ዓ.ም. ጎንደር ለስድስት ወር የቴአትር ሥልጠና ወስደው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በባህል ሥራ ተቀጥረው ከሠላሳ የሚበልጡ ተውኔቶችን ተጫውተዋል፣ አዘጋጅተዋል፣ ወጣቶችንም አሠልጥነዋል። የሥራቸው መነሻ ወገብና እግር ነበር። ሰው በአፉ ከመዋሸቱ በፊት በአረማመዱ ይዋሻል ይሉ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ዳር ተቀምጠው፣ በሬ የሸጠ ገበሬ እንዴት እንደሚራመድ፣ በሬው ሳይሸጥለት የሚመለሰውስ እንዴት እንደሚራመድ ያጠኑ ነበር። ገበያተኛው «ይህ ሰው ሥራ የለውም እንዴ?» እያለ ያልፋቸዋል። ሥራቸው እሱ ነበር።

ፍርሃታቸውም አልለቀቃቸውም። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሳያስመልሳቸው መድረክ ወጥተው አያውቁም። ከመጋረጃው ጀርባ ያስመልሳቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አፋቸውን ተጉመጥምጠው፣ ተረከዛቸውን አስይዘው፣ ትንፋሻቸውን አውጥተው ይወጣሉ። አንዴ ከወጡ በኋላ ፈርተው እንደነበር የሚያውቅ የለም። ለተማሪዎቻቸውም ፍርሃት የሌለው ተዋናይ ሰነፍ ተዋናይ ነው እያሉ ያስተምሩ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ወይዘሮ የትናየትን በሕግ አገቡ። የወይዘሮ የትናየት ወንድም አቶ ቻላቸው «እህቴን ለአዝማሪ አልሰጥም» ብለው በሠርጉ ሳይገኙ ቀርተዋል፤ ዛሬ ግን ከአስከሬኑ ራስጌ ቆመዋል። ባልና ሚስቱ በ1992 ዓ.ም. ማዕረግን፣ በ1997 ዓ.ም. ሶልያናን ወለዱ። ወይዘሮ የትናየት በ2006 ዓ.ም. በሕመም ሲለዩ፣ ደርቤ ሁለቱን ልጆች ብቻቸውን አሳደጉ። የሴት ልጅ ፀጉር መጎንጎን ሳይቀር ተምረዋል።

በ1996 ዓ.ም. በከተማው አዳራሽ ልጁ የሞተበትን አባት ሆነው ሲጫወቱ አዳራሹ በሙሉ አልቅሷል፤ በር ላይ ቆመው የነበሩት ፖሊሶች ሳይቀሩ። ደርቤም አልቅሰዋል። ተማሪዎቻቸው ምን አስበው እንዳለቀሱ ሲጠይቋቸው፣ እንባ ሐዘን በማሰብ አይመጣም፤ ጎድን ሲጠብና ትንፋሽ ጉሮሮ ላይ ሲሰበር እንባ መንገዱን ራሱ ያውቃል ብለው አስረድተዋል። ከተማው ያን እንባ አልረሳውም። ከዓመታት በኋላ መክሰሻ አደረገው።

ከ1999 እስከ 2004 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች በተቀረጹ ሦስት ፊልሞችም ተጫውተዋል። መድረክ ላይ ለመጨረሻው ወንበር ተብሎ የሚሠራ እንቅስቃሴ ካሜራ ፊት ይበዛል፤ ይህን ማንም አልነገራቸውም፤ ራሳቸው ደረሱበት። በመጀመሪያው ፊልም ካሜራው ክንድ ያህል ሲቀርባቸው እጃቸው ተንቀጥቅጦ የያዙት ጠላ ፈሰሰ። ከአዲስ አበባ የመጣው አዘጋጅ «የአገሩን ሰው ማን አምጡ አላችሁ?» ብሎ ጮኸ። ደርቤ ተረከዛቸውን አስያዙ፣ ተነፈሱ፣ በሁለተኛው ቀረጻ ጨረሱት። ፊልሙ ሲወጣ ስማቸው የለም። «የአካባቢው ነዋሪዎች» የሚል አንድ መስመር ነው ያለው። ሶልያና ይህን ስታስበው ዛሬም ደሟ ይፈላል።

ይህች ከተማ የናቀችውን ሙያ ለአንድ ጉዳይ ግን ትፈልገው ነበር፤ ለመርዶ። ሰው ሩቅ አገር ሲሞት፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ማልደው እስኪያረዱ ድረስ ቤተሰቡ መስማት የለበትም። እስከዚያ ቤቱ ገብቶ፣ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። «ደርቤን ጥሩት፤ እሱ ፊቱን መያዝ ይችላል» ይባላል። ደርቤ ይሄዳሉ። ልጇ ከሞተ እናት ጋር ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ይቀመጣሉ፤ እህል እንድትቀምስ ያደርጋሉ፤ ያስቋታል፤ ከዚያ ከሽማግሌዎቹ ጋር ገብተው ያረዷታል። በጦርነቱ ዓመታት ይህ ሥራ በዛ። በአንድ ሳምንት አራት ቤት የገቡበት ጊዜ ነበር።

ከእያንዳንዱ ቤት በፊት ጓሮ ዞረው ያስመልሳቸዋል። ሲመለሱ ሁለት ቀን ይተኛሉ። «እንዴት ነህ ደርቤ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ከጃናሞራ መጥተው እዚህ የሚኖሩት ወይዘሮ ኪዳነምሕረት «ልጄ ሞቶ ሦስት ቀን አሳቀኝ» ብለው ሟቹ እስካረፉበት ቀን ድረስ ሰላምታ ነሥተዋቸዋል። ወይዘሮ ኪዳነምሕረት አይፈረድባቸውም። የሚፈረድባቸው፣ «እኛ ነን የላክነው» ማለት ያቃታቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ጉዳያቸው ካለቀ በኋላ እነሱም «ከእሱ ራቅ ነው፤ ዓይኑን በጨው ታጥቦ የሚዋሽ ሰው ነው» ይሉ ነበር።

ልጃቸው ማዕረግ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በመተማ መንገድ የሞላ ወንዝ ሲሻገር ጎርፍ ከነመኪናው ወሰደው። አስከሬኑ በሦስተኛው ቀን ተገኘ፤ ለጉዞ የሚሆን ስላልነበረ እዚያው በአቅራቢያው ባለች ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ወሬው በስልክ የደረሰው ለአጎቱ ለአቶ ቻላቸው ነበር። እሳቸውና ከኪነት ጊዜ ጀምሮ የደርቤ የመድረክ ጓደኛ የነበሩት አቶ ያርጋል ቆላ ወርደው ቀብረው፣ ሐምሌ 11 ቀን ተመለሱ። ሶልያና ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትሄድ ስድስት ቀን ቀርቷት ነበር። ሽማግሌዎቹም ተሰብስበው፣ ልጅቱ ተፈትና እስክትመለስ አባትም ልጅም እንዳይሰሙ ወሰኑ። ደርቤን ግን ማን ይጠብቃቸው? ለዚህ ሥራ የሚጠሩት ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስለዚህ አርባ ዓመት የናቁትን ሙያ በአንድ ከሰዓት እንሠራዋለን ብለው ገቡበት።

እንዲህ ያለ ክፉ ትወና ደባርቅ አይታ አታውቅም። ስቀው የማያውቁት አቶ ያርጋል ደጁን አልፈው ሳይቀመጡ ሳቅ ጀመሩ። አምስት ዓመት ቤቱን ያልረገጡት አቶ ቻላቸው ሁለት ኪሎ ስኳር ይዘው መጡ። የጎረቤት ሴቶች አዘቅዝቀው የለበሱትን ነጠላ ደጅ ላይ ገልብጠው ነው የገቡት፤ የቋጠሮው ጭምድድ ግን እንዳለ ነበር። ጥናት ያስተጓጉላታል ተብሎ የሶልያና ስልክ ተወሰደ፤ ሲም ካርዱ ሊስተካከል ነው ተብሎ የአባቷም ተወሰደ። ደርቤ ሁሉንም ተቀበሉ። ለስኳሩ አመሰገኑ፣ ከአቶ ያርጋል ጋር ሳቁ። መሃል ላይ «ማዕረግስ ደውሎልህ ያውቃል ያርጋል? ያ ልጅ ቆላ ሲወርድ ...» ብለው ሳይጨርሱ፣ አቶ ያርጋል «ደኅና ነው! ደኅና ነው! ኔትወርክ የለም እንጂ» አሉ። ደርቤ «ይሁና» ብለው ወደ ሌላ ወሬ ተሻገሩ። እንግዶቹም ውጭ ወጥተው «እግዜር ይመስገን፤ አልነቃም» ተባባሉ።

ስድስት ቀን ሶልያና ከአባቷ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጣ አጠናች። ደርቤ እራት ሠሩላት፣ ልብሷን አጠቡላት፣ ማዕረግ ሲመጣ የግቢውን አጥር አብረው እንደሚያድሱ አወሩላት። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ «ልምምድ አለኝ» ብለው ይወጣሉ፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ይመለሳሉ። ሐምሌ 17 ቀን ፈተናው ወደሚሰጥበት ግቢ የሚወስዳት አውቶቡስ ድረስ ሸኟት። የሶልያና እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይህን ከአባቷ ነው የወረሰችው። ሁለቱንም እጆቿን ይዘው «ተረከዝሽን አስይዢ ልጄ። ትንፋሽሽን አሟጠሽ አውጪ። እጅሽ ይንቀጥቀጥ፣ ተይው፤ ጥያቄውን የሚሠራው እሱ አይደለም» አሏት። ያን ዕለት የእሳቸው እጅ ጸጥ ብሎ ነበር። አውቶቡሱ ሲነሣ እየሳቁ «ወንድምሽ ሲመጣ በግ እናርዳለን!» አሉ። ሶልያና ከአባቷ ፊት ላይ ምንም ነገር አላየችም።

ሶልያና ተፈትና በተመለሰች ማግስት፣ ሐምሌ 23 ቀን ማለዳ ሽማግሌዎቹ ገብተው አረዱ። ሶልያና ራሷን ስታ ወደቀች። ደርቤ ቆመው ሰሙ፤ ልጃቸውን ከመሬት አንሥተው አቀፉ፤ ሊያረዱ የመጡትንም «እግዜር ይስጣችሁ፤ ደከማችሁ» አሏቸው። እንባ አልወጣቸውም። ወሬው ድንኳኑ ሳይፈርስ ተጀመረ። «ለቴአትር ያለቀሰ ሰውዬ ለልጁ አላለቀሰም» ተባለ። አልቃሿ ሳትቀር በሙሾዋ ወጋ አደረገቻቸው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሉ የለ? ወሬው ጠላ ቤት ገባ፣ ወፍጮ ቤት ገባ። ከሚያሠለጥኗቸው ወጣቶች ግማሾቹን ወላጆቻቸው አስቀሩባቸው። ሶልያናም አንድ ቀን ተናድዳ «አባዬ፣ ግን ለምን አላለቀስህም?» ብላ ጠይቃቸዋለች። «እራትሽ ይቀዘቅዛል» አሏት። እሷም አንድ ወር ሙሉ አኮረፈቻቸው።

ትናንት ጠዋት፣ ሟቹ ባረፉ በሰዓቱ፣ የአዳራሹ ዘበኛ አቶ ገብረ ሚካኤል ወደ ቤት መጥተው ሶልያናን ለብቻዋ ጠሯት። ደርቤ በሕይወት እስካሉ ድረስ ላይናገሩ የማሉትን ነገር ነገሯት። ሐምሌ 11 ቀን፣ አቶ ያርጋልና አቶ ቻላቸው ከቤት እንደ ወጡ፣ ደርቤ ወደ አዳራሹ መጥተው ቁልፍ ጠየቁ። አቶ ገብረ ሚካኤል «ዛሬ ደግሞ የምን ልምምድ ነው?» ሲሏቸው፣ «ያርጋል ሳልጨርስ መለሰልኝ። ልጄ የለም» አሉ። ከዚያ ባዶው አዳራሽ ገብተው፣ ወለሉ ላይ ተዘርረው፣ የልጃቸውን ስም እየጠሩ አለቀሱ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር ውጭ ማንም አልሰማም። በማግስቱም መጡ። አሥራ ሁለት ቀን፣ አንድ ቀን ሳያጓድሉ፣ እዚያ ወለል ላይ አልቅሰዋል።

አልቅሰው ሲጨርሱ ከበርሜሉ ውኃ ቀድተው ፊታቸውን ይታጠባሉ። ከዚያ መድረኩ ላይ ይወጣሉ። ልጅ የሞተበት ሰው ወገቡ ይሰበራል፤ ሶልያና ይህን እንዳታይባቸው፣ ልጁ በሕይወት ያለ ሰው እንዴት እንደሚራመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሱ ይለማመዱ ነበር። «እስቲ ከኋላ እየኝ ገብሬ፤ ትከሻዬ ወርዷል?» ይላሉ። አቶ ገብረ ሚካኤልም «ትንሽ ወርዷል ጋሽ ደርቤ» ይሏቸዋል። እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ሶልያና ከሄደች በኋላም አላቋረጡም፤ ከዚህ አንድ የልቅሶ ድምፅ ከተሰማ ወሬው እስከ ፈተናው ግቢ ይደርሳል ብለው ስለፈሩ ነው። በየቀኑ ወደ ቤት የሚሄዱት አቶ ገብረ ሚካኤል «አሁን ደኅና ነው» ካሏቸው በኋላ ነበር።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ማልደው ሲገቡ ያ ሰው አሥራ ሁለት ቀን ያለቀሰ ሰው ነበር። ክፉው ስም ከወጣባቸው በኋላ አቶ ገብረ ሚካኤል «ለምን አይናገሩም?» ብለው ለምነዋቸዋል። «ብናገር ልጅቱ፣ አባቴ አታልሎኝ ነው የተፈተንሁት ብላ ውጤቷን ትጠላዋለች። ያርጋልም ያፍራል። ይበሉኝ» ነው ያሉት። ሟቹ ሰው እንዳያፍር ሲሉ ስማቸውን አስበሉ። ሶልያና ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የላትም፤ ማፈር ያለበት ዛሬ ይፈር።

ሶልያና ተናድዳለች። መርዶ በመጣ ቁጥር ፊታቸውን ተውሳ፣ ሲመለሱ ውሸታም ባለቻቸው ከተማ ተናድዳለች። በአባቷም ተናድዳለች፤ ወንድሟ አፈር ውስጥ እያለ ስለ በግ እያወሩ ሸኟት፤ ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ምን እንደተሰማቸው አሁን ገብቷታል። ከሁሉ ይልቅ በራሷ ተናድዳለች። አሥራ ስምንት ዓመት የተዋናይ ልጅ ሆና ያንን ጸጥ ያለ እጅ ይዛ አላወቀችም፤ ሰው ያለውን ይዛ ጠየቀቻቸው፣ አኮረፈቻቸው። ይቅርታ ሳትጠይቃቸው ሞቱ። ፈተናውን አልፋ ዛሬ የሦስተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ናት፤ ውጤቱንም አትጠላውም። ይህን ግን ልትነግራቸው አትችልም።

ተዋናይ ደርቤ በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. በስትሮክ ግራ ጎናቸው ዝሎ፣ የፊታቸውም ግማሽ አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። ጎንደር ታክመው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ጠያቂው እየገባ «ፊትህ እኮ ምንም አልሆነም» ይላቸዋል፤ የከተማው ትወና በሁለት ዓመትም አልተሻሻለም። እሳቸው በሚታዘዛቸው በቀኝ በኩል ፈገግ ይሉለት ነበር። ሐሙስ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

በሕይወት የቀሩት ልጃቸው ሶልያና፣ እህታቸው ወይዘሮ ሐመልማል ተክለ ማርያምና ወላጆቻቸው ያላስቀሯቸው ጥቂት ተማሪዎቻቸው ናቸው። ቤተሰቡ በሕመማቸው ጊዜ ያስታመሙትንና ሬሳቸውን የተሸከሙትን ሁሉ ያመሰግናል። አቶ ገብረ ሚካኤልን በስማቸው ጠርቶ ያመሰግናል። ከልቡ ማልቀስ የሚፈልግ ያልቅስ፤ ለታይታ የመጣ ግን ቢተወው ይሻላል፤ ሟቹ ይህን ዓይነቱን ከሩቅ ያውቁት ነበር። እግዚአብሔር አምላክ ነፍሳቸውን፣ «ማዕረግ» ብለው ሲጣሩ «አቤት» የሚላቸው ባለበት ሥፍራ ያሳርፍልን። አሜን።